ጽንፈ ዓለም በእርግጥ እየሰፋ ነው? ብለን ስንጠይቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጽንፈ ዓለምን መስፋት የሚጠራጠር ሰው ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል። ደህና ጥያቄ ነው። የሚያሳዝነኝ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በእነዚያው ስህተቶች ገና ከመነሻው ሲበላሽ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት አማራጭ ሐሳቦችን እንደ ቀልድ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል አንድ ጋላክሲ በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ይበልጥ ወደ ቀይ እንደሚያደላ፣ ማለትም ሞገዱ እንደሚረዝም አሳየ። ይህ ጋላክሲዎቹ እየራቁን የመሆኑ ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ሌላው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፍሪትዝ ዝዊኪ ሌላ ነገር አሰበ። ምናልባት ጋላክሲዎቹ እየራቁ ሳይሆን፣ ብርሃኑ በረጅሙ ጉዞ ጉልበት እያጣ ወደ ቀይ ያደላ ይሆናል አለ። ሐሳቡ "የደከመ ብርሃን" ተባለ። ዝዊኪ ዝም ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ በ1933 የጨለማ ቁስን (የማይታይ ግን በስበቱ የሚታወቅ ቁስን) ምልክት ያየው እሱ ነው። ሀብል ራሱም ቢሆን ቀዩን ብርሃን ሲተረጉም ጥንቁቅ ነበር።

ትልቁ ስህተት ግን ቀዩን ብርሃን ካብራሩ በኋላ ሥራው አለቀ ብሎ ማሰብ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሱፐርኖቫ ማለት የሚፈነዳ ኮከብ ነው። አንዱ ዓይነት የሚደምቅበትና የሚደበዝዝበት ጊዜ በደንብ ስለሚታወቅ እንደ ሰዓት ያገለግላል። ህዋው እየተለጠጠ ከሆነ የብርሃኑ ሞገድ ብቻ ሳይሆን ጊዜውም ተለጥጦ ይደርሰናል። ሞገዱ እጥፍ ከሆነ፣ 20 ቀን የሚፈጀው ድምቀት 40 ቀን ሲፈጅ እናየዋለን። ብርሃኑ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ግን 20 ቀኑ 20 ቀን ሆኖ ይቀር ነበር። ሲለካ የተገኘው የተለጠጠው ጊዜ ነው። ሌላም አለ፦ ብርሃን በመንገዱ ከቅንጣቶች ጋር እየተጋጨ ጉልበት ቢያጣ አቅጣጫውም ይዛባ ነበር። ያኔ የሩቅ ጋላክሲዎች ምስል ብዥ ማለት ነበረበት። አላለም።

ብዙዎች ደግሞ በ1948 ሆይል፣ ቦንዲና ጎልድ የተባሉ ሳይንቲስቶች ያቀረቡትን ሐሳብ "መስፋትን የካደ" ይሉታል። አልካደም። እነሱ መስፋቱን ተቀብለዋል፤ ያልተቀበሉት ጽንፈ ዓለም መነሻ ነበረው የሚለውን ነው። ጋላክሲዎች ሲራራቁ ክፍተቱን የሚሞላ አዲስ ቁስ ይፈጠራል አሉ። በእኔ እይታ ውብ ሐሳብ ነበር። ሆኖም በ1965 ይፋ የሆነው፣ ከሰማይ ሁሉ አቅጣጫ የሚመጣው የ2.7 ኬልቪን (እጅግ ቀዝቃዛ) ጨረር ከባድ ፈተና ሆነበት፤ ጨረሩ ከጥንቱ ሞቃት ጽንፈ ዓለም የተረፈ ነውና።

መስፋትን መሃል ካለው ፍንዳታ ጋር ማምታታትም አለ። መሃል የለውም፤ በየትኛውም ጋላክሲ ብትቆሙ ሌሎቹ ሲርቁ ታያላችሁ።

የመጨረሻው ስህተት የሰሞኑን የመጠን ክርክር ለክህደት ማስረጃ ማድረግ ነው። ከጥንቱ ጨረር ተነስተው የሚያሰሉት፣ በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ፍጥነቱ በሰከንድ 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል ይላሉ። በሱፐርኖቫ የሚለኩት ደግሞ 73 ገደማ ይላሉ። ልዩነቱ እውነተኛ ራስ ምታት ነው። ግን የሚከራከሩት በስንት ፍጥነት እንደሚሰፋ ነው፤ ትንሹም ቁጥር የመስፋት ቁጥር ነው።