የሶሾሎጂ ክላሲካል ቲዎሪ ሳትሸመድዱ እንዴት እንደሚጠና

ሶሾሎጂ የምትማሩ ልጆች፣ እጃችሁ ላይ ያለው ሃንዳውት ማርክስ ማለት ኮንፍሊክት (ግጭት)፣ ዱርካይም ማለት ፋንክሽናሊዝም (እያንዳንዱ ነገር ለማህበረሰቡ የሚሰጠው ጥቅም)፣ ሚድ ማለት ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም (በምልክትና በቋንቋ መግባባት) ብሎ በሶስት መስመር ይጨርሰዋል፣ እናንተም ትሸመድዱታላችሁ ከዛ ፈተናው ባለፈ በሳምንቱ ከጭንቅላታችሁ ይወጣል። እኔን ይሄ ከልብ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች የጠየቁት ጥያቄ እኛ በየቀኑ የምንኖረውን ነው። ስለዚህ ይሰራል ብዬ የማምንበትን አጠናን ልጻፍላችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)።

መጀመሪያ ትርጉም ከመያዛችሁ በፊት ሰውየውን ምን እንዳስጨነቀው ፈልጉ። 19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ገበሬው መሬቱን ትቶ ፋብሪካ እየገባ ነው፣ ንጉስና ቤተክርስቲያን የነበራቸው ስልጣን ተናግቷል፣ ከተማው በማይተዋወቅ ሰው ተሞልቷል። ማርክስ (1818-1883) የሚጠይቀው ማን ሰርቶ ማን ይጠቀማል ነው። ዱርካይም (1858-1917) ደግሞ የድሮው ማሰሪያ ሲላላ ሰውን ከሰው ጋር ምን ያቆየዋል ይላል። ዌበር (1864-1920) ሰው ለሚሰራው ነገር ምን ትርጉም ይሰጠዋል፣ ኑሯችንስ እንዴት በስሌትና በህግ ደንብ ተያዘ ብሎ ነው የሚነሳው። ጥያቄውን ከያዛችሁ መልሱን ግማሹን ራሳችሁ ትገምቱታላችሁ።

ቀጥሎ አብጠርጥራችሁ የምታውቁትን አንድ ነገር ምረጡና ቲዎሪውን እሱ ላይ ሞክሩት። እኔ እድርን እመርጣለሁ። ጎረቤት ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ቀብር ላይ ስም ይጠራል የቀረ ይቀጣል። ይሄን ስርዓት እናንተ አላመጣችሁትም፣ ስትወለዱ ጠበቃችሁ፣ ከናንተ በኋላም ይኖራል፣ ደስ ቢላችሁም ባይላችሁም ያስገድዳችኋል፣ ደግሞ ልቅሶ ሳትደርሱ ብትቀሩ የሚከብዳችሁ የቅጣቱ ብር ሳይሆን የሟች ቤተሰብ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ አይን አይኑን ማየት ማቃቱ ነው። ዱርካይም በ1895 ሶሻል ፋክት ብሎ የጻፈው በቃ ይሄንን ነው፣ ከግለሰቡ ውጭ ያለ ግን ግለሰቡን የሚይዝ ሃይል፣ እና ሃይሉ በደንብ የሚታወቀው ስትጥሱት ነው።

ይሄ ከገባችሁ በ1897 ያወጣው ስለ ራስ ማጥፋት ያጠናው መጽሐፍ አይከብዳችሁም። ከዚህ በላይ የግል የሚመስል ነገር የለም፣ እሱ ግን የየአገሩን ስታትስቲክስ አይቶ መጠኑ ከዓመት ዓመት ብዙ እንደማይለዋወጥ፣ ፕሮቴስታንቶች ላይ ከካቶሊኮች፣ ያላገቡት ላይ ካገቡት ከፍ እንደሚል አሳየ። ምክንያቱን ያገኘው ሰውየው ከሌሎች ጋር ምን ያህል ተሳስሯል የሚለው ላይ ነው። ደንቡ ሲናጋና ምኞት ልክ ሲያጣ ደግሞ አኖሚ ይለዋል። ከዱርካይም አንድ ነገር ብቻ እናነባለን ብትሉኝ ይሄን ነው የምላችሁ።

ዌበርንም እዛው እድር ላይ ሞክሩት። ሰዉ የእድሩን ዳኛ ለምን ይታዘዛል? ሽማግሌ ስለሆኑና ከድሮም እንዲህ ስለነበረ ከሆነ ባህላዊ ስልጣን ነው፣ ሰውየው የተለየ ግርማ ኖሯቸው ሰው አምኖ የሚከተላቸው ከሆነ ካሪዝማ ነው፣ በመተዳደሪያ ደንቡ መሰረት ስለተመረጡና ጊዜያቸው ሲያልቅ መዝገቡንና ማህተሙን አስረክበው ስለሚወርዱ ከሆነ ህጋዊ ስልጣን ነው። እውነተኛው እድር ውስጥ ሶስቱም ተደባልቀው ነው የምታገኟቸው፣ ዌበርም ይሄን ያውቃል፣ ሶስቱን የለየው መለኪያ እንዲሆኑት ነው።

ማርክስን ግን እድር ላይ በግድ አትጎትቱት፣ መዋጮ መክፈል የሚችለውና የማይችለውን ማየት ይቻላል ግን የሱ ዋና ቦታ ስራ ነው። ኢንዱስትሪያል ፓርክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ የምትሰፋ ልጅ አስቡ። ሸሚዙ የሷ አይደለም፣ አሰራሩንና ፍጥነቱን የሚወስነው ሌላ ነው፣ አጠገቧ ያለችው ልጅ ጓደኛዋ ከመሆኗ በፊት በኮታ የምትወዳደራት ናት፣ አስቦ መፍጠር የሚባለው የሰውነቷ ክፍል እዛ ቦታ ስራ የለውም። ማርክስ በ1844 ማስታወሻዎቹ አራት አይነት ኤሊየኔሽን (ባይተዋርነት) ብሎ የዘረዘረው እነዚህን ነው። እኛ አገር ማርክስ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ደርግና መፈክሩ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያነበው ይደግፈዋል ወይ ይጠላዋል፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይሄን ስለ ስራ የጻፈውን ክፍል አንብቡት፣ አጭር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። አሜሪካዊው ሶሾሎጂስት ኩሊ በ1902 ያለው ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች ዓይን ነው፣ ሌሎች እንዴት እንደሚያዩኝ እገምታለሁ፣ ምን እንደሚፈርዱብኝ እገምታለሁ፣ ከዛ እኮራለሁ ወይ አፍራለሁ። ልብ በሉ፣ ግምት ነው፣ ሰዎቹ ጭራሽ ስለኛ ላያስቡ ይችላሉ፣ ሃፍረቱ ግን እውነተኛ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» እያለ ላደገ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ሚድ (1863-1931) ከዛ አልፎ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚገነባ ያሳያል። ለዚህ መጽሐፍ ከመግለጥ በፊት ህጻናት ሲጫወቱ ቁጭ ብላችሁ እዩ። እቃቃ የምትጫወት የአራት ዓመት ልጅ እናት ትሆንና አሻንጉሊቷን በእናቷ ድምጽ፣ በእናቷ ቃል «ብይ እንጂ!» ብላ ትቆጣለች፣ ትንሽ ቆይታ ራሷ ልጅ ሆና ታለቅሳለች። አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ቦታ ነው የምትይዘው። ትልቅ ወንድሟ ግን ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጫወት በረኛ ከሆነ ተከላካዩ የት እንደሚቆም፣ አጥቂው ምን ሊያደርግ እንደሚችል፣ ህጉ ምን እንደሚል ሁሉንም ባንዴ ጭንቅላቱ ውስጥ መያዝ አለበት። ሚድ ራሱ ምሳሌ ያደረገው ቤዝቦልን ነው፣ ነገሩ ያው ነው። የሁሉም ሰው አመለካከት ተጠቃሎ ውስጣችን ሲገባ ጀነራላይዝድ አዘር ይባላል፣ ያንን የተቀበለው ክፍላችን «ሚ» (በእንግሊዝኛ me) ነው፣ ለዛ መልስ የሚሰጠውና ቀድሞ የማይገመተው ደግሞ «አይ» (I)። ስታነቡት ከደጋገመ አይግረማችሁ፣ በ1934 የታተመው መጽሐፉ እሱ ከሞተ በኋላ በዋናነት ከተማሪዎች የሌክቸር ማስታወሻ የተሰበሰበ ነው።

ስደት ላይ ያላችሁ ጀርመናዊውን ሶሾሎጂስት ዚመልን (1858-1918) አትዝለሉት። እንግዳ የሚለው ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደውን ሳይሆን ዛሬ መጥቶ ነገም የሚቀረውን ነው፣ ቅርብም ሩቅም የሆነ ሰው፣ ጂዳ ወይ ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ቶሎ ይገባዋል። ስለ ኢትዮጵያ ባህል የሚያወራውን «ሰምና ወርቅ» የተባለ መጽሐፍ በ1965 ያሳተመው አሜሪካዊው ሶሾሎጂስት ዶናልድ ሌቪን የዚመልን ጽሁፎች በ1971 በእንግሊዝኛ ያዘጋጀው ሰው ነው፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ ትልቅ ትምህርት ነው።

በመጨረሻ ኤሴይ ስትጽፉ የየአንዳንዱን ሃሳብ ለየብቻ አትደርድሩ፣ አከራክሯቸው። ዱርካይም እድሩ ያስተሳስራል ሲል ማርክስ መዋጮ አቅቷቸው የቀሩትስ ይበለው፣ ዌበር እናንተ ሁለታችሁ አባሉ ራሱ ለምን እንደሚመጣ ጠይቃችሁታል ወይ ይበል። ሚድን ደግሞ ያ ውስጣችን የገባው «ሌላው ሰው» የማን ድምጽ ነው፣ የሁሉም ነው ወይስ አቅም ያለው ሰው ድምጽ ነው ብላችሁ ጠይቁት፣ እሱ እዚህ ላይ ደካማ ነው። መልሳችሁ ላይ የማን ክርክር እንዳሳመናችሁና ለምን እንደሆነ ጻፉ፣ ደፍራችሁ።