ተማሪ ይዘን ድንጋይ ልናይ ስንሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የሚገኝበት መልካ ቁንጡሬም፣ ቢሾፍቱም ተማሪ ይዤ ብዙ ተመላልሻለሁ፣ እና ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኛዎቹን ራሴ ስለሠራኋቸው ማንንም ልወቅስ አይደለም።

አንደኛው የጂኦፓርክነት ስም እስኪሰጥ መጠበቅ ነው። "አካባቢው ጂኦፓርክ ይባልና እንጀምራለን" ይላሉ። ጂኦፓርክ ዩኔስኮ ለድንጋዩና ለመሬት አቀማመጡ እውቅና የሚሰጠው አካባቢ ነው፣ የታጠረ ፓርክ እኮ አይደለም፣ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት መሬት ነው፣ ትምህርት ደግሞ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነው፣ ዩኔስኮ በየ4 ዓመቱ እየመጣ ያያል ካልተሠራበት ስሙን ሊነጥቅም ይችላል። ከአፍሪካ ሞሮኮ ምጉንን በ2014፣ ታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ ሌንጋይን በ2018 እ.ኤ.አ. አስመዝግበዋል። ለኛ ክፍል ግን አንድ ገደልና አንድ የነቃ አስተማሪ ይበቃል።

ሁለተኛውና ዋናው፣ የአካባቢውን ትምህርት ቤት ዘሎ ማለፍ። ከአዲስ አበባ አውቶብስ ሞልተን ሙዚቃ ከፍተን 50 ኪሎሜትር ያህል ነድተን መልካ ቁንጡሬ እንደርሳለን፣ ሙዚየሙን በግማሽ ሰዓት ዞረን ወደ ጢያ ትክል ድንጋዮች፣ እዛ ፎቶ፣ ማታ ቤት። አንዴ አጥሩ ጋ ቆሞ የሚያየንን ልጅ "ገብተህ ታውቃለህ?" አልኩት፣ ሳቀብኝ። ከብት ይዞ በየቀኑ በበሩ ያልፋል! ከዛ ወዲህ ለጎረቤቱ ትምህርት ቤት ቀድመን እንደውላለን፣ የነሱ ልጆች ከኛ ጋር ይገባሉ፣ አዋሽ ዳር ግን መሪዎቹ እነሱ ናቸው።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። እኔ ሰሌዳ ላይ "ኦብሲዲያን" ብዬ ጽፌ ስንት ደቂቃ ሳብራራ አንዱ "ቲቸር ባልጩት ነው እንዴ?" አለኝ። አዎ ባልጩት ነው! በ2024 እ.ኤ.አ. ከመልካ ቁንጡሬ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቦታ ራሱ ስሙ ባልጪት ነው፣ የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሚሠሩበትን ጥቁር መስታወት የመሰለ ድንጋይ የሚያመጡት ከዛ ነበር። በደቡብ በኩል ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ በባልጩት ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች ነበሩ፣ "ፋቂ" ብለን የምንንቃቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለ አባት ክፍል ገብተው ድንጋዩ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ቢያሳዩ የኔ የአንድ ሴሚስተር ቻክ ምን ዋጋ አለው?

አራተኛ፣ ልጆቹ ድንጋይ ኪሳቸው ሲከቱ ዝም ማለት። "አንድ ብቻ ቲቸር" ይላሉ፣ 60 ተማሪ አንድ አንድ ቢያነሳ አስቡት። የጥንቱ የድንጋይ መሣሪያ ዋጋው የተኛበት ቦታ ላይ ነው፣ ምን አፈር ውስጥ፣ ከምን አጥንት ጎን፣ አንዴ ከተነሳ ተራ ጠጠር ነው። በዛ ላይ ባልጩት ስለት ነው፣ አንዷ ተማሪዬ ጣቷን ቆርጣ ነጠላዬን ቀድጄ አስሬላታለሁ።

አምስተኛ፣ ሽማግሌ ሲያወራ ማቋረጥ። ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ዳር አንድ አባት ስለ ኢሬቻ ሲያጫውቱን እኔ ጣልቃ ገብቼ ይሄ ሐይቅ እሳተ ገሞራ ነው፣ ግለቱ ከምድር ውስጥ ውሃ ጋር ሲገናኝ ፈንድቶ ጉድጓዱን ከፈተው ምናምን ማለት ጀመርኩ። ትክክል ነው ያልኩት። ግን አባባ ዝም አሉ፣ ልጆቹም ዝም አሉ፣ እስከመጨረሻው ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። አሁን መጀመሪያ እሳቸውን እናዳምጣለን፣ ቀጥለን ልጆቹ ራሳቸው ክብ የሆነውን የሐይቁን ጠርዝ አይተው "ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?" እስኪሉ እጠብቃለሁ፣ ይጠይቃሉም።

ትምህርት ቤቶች ስለሚሰቅሉት ባነርና ስለሚፈራረሙት መግባቢያ ሰነድ ብዙ አልልም፣ ፊርማ ይፈረማል ፎቶ ይነሳል ከዛ የጀመረው አስተማሪ ይቀየርና ሁሉም ያበቃል። ጉዞውን ሁለት አስተማሪ ይያዘው፣ የስልክ ቁጥሩ፣ የሄዱበት መንገድ፣ ልጆቹ የጠየቁት ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ተጽፎ ላይብረሪ ይቀመጥ። የኛ ደብተር የመጀመሪያ ገጹ ላይ "ሽንት ቤት የት ነው" የሚል አለ፣ እሱን ቀድማችሁ አጣሩ በእናታችሁ።