ሊንክድ ሊስታችሁ «ሴግመንቴሽን ፎልት» ሲል ስህተቱን እንዴት ታገኙታላችሁ?

በሲ ቋንቋ የጻፋችሁት ሊንክድ ሊስት (እያንዳንዱ ቁራጭ ቀጣዩን የሚጠቁምበት የዳታ ሰንሰለት) ትናንት ሲሠራ ነበር። ዛሬ ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቶ «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ቁጭ አለ። ብዙዎቻችን ወዲያው ኮዱን በፕሪንትኤፍ እንሞላዋለን። ግን ፕሮግራሙ የወደቀበት መስመርና ስህተቱ የተሠራበት መስመር ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

መጀመሪያ «ሰረዝ ጂ»ን (-g) ጨምራችሁ ኮምፓይል አድርጉ። ያለሱ ቀጥሎ የምታገኙት ሪፖርት የመስመር ቁጥር አያሳያችሁም።

ከዚያ የሜሞሪ ስህተት በሚፈልገው መሣሪያ፣ በቫልግሪንድ አሂዱት። ሊኑክስ ላይ በነጻ ይገኛል። ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል፤ ይሄ ያለ ነው። ሪፖርቱ ሲንጋጋ ሁሉንም ለማንበብ አትታገሉ። የመጀመሪያውን ስህተት ብቻ ያዙ፤ የቀሩት ብዙ ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው።

አሁን ቁጥሮቹን እዩ። ኖዱ (የሰንሰለቱ አንድ ቁራጭ) አንድ ኢንቲጀርና የቀጣዩን ኖድ አድራሻ የሚይዝ አንድ ኔክስት ፖይንተር አለው እንበል። በተለመደው የ64 ቢት ማሽን ኢንቲጀሩ 4 ባይት፣ ክፍተት 4፣ ፖይንተሩ 8፣ በድምሩ 16 ይይዛል።

ሪፖርቱ የተነበበው ቦታ «ፍሪ በተደረገ (በተለቀቀ) ባለ 16 ባይት ብሎክ ውስጥ፣ 8 ባይት ገባ ብሎ» ነው ካላችሁ፣ ያ ቦታ ኔክስት ነው። የሞተውን ኖድ «ቀጣዩ ማን ነው?» እያላችሁት ነው። ሊስቱን በፎር ሉፕ ስታጠፉ የሚመጣ ስህተት ነው። ከፍሪ በፊት ኔክስትን ሌላ ቫሪያብል ላይ አስቀምጡት። ፍሪው የት እንደተደረገ ደግሞ እዚያው ሪፖርት ላይ፣ ዝቅ ብሎ ተጽፏል።

«ከባለ 8 ባይት ብሎክ 0 ባይት በኋላ» ካለ ግን፣ ሜሞሪ ለሚሰጠው ማሎክ የነገራችሁት የኖዱን ሳይሆን የፖይንተሩን መጠን ነው። መጠን በሚለካው ሳይዝኦፍ ውስጥ ኮከቧን (*) ረስታችኋል። ይህቺ ተንኮለኛ ናት። ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ የተለመደው ማሎክ 8 ባይት ብትጠይቁትም 24 ያህል ስለሚሰጥ፣ ኮዱ ለወራት ሰላም ሊመስል ይችላል። ኖዱ ላይ የስም ቦታ የጨመራችሁ ቀን ጉዱ ይፈላል።

ሪፖርቱ ላይ ያለው አድራሻ ራሱ 8 ከሆነ ናል የሆነን (የትም የማያመለክትን) ፖይንተር ኔክስቱን ጠይቃችኋል። የሉፑን ሁኔታ ተመልከቱ፤ ናል መሆኑ ከሌላው ሁሉ በፊት መታየት አለበት።

ዋጋ ስላልተሰጠው ሜሞሪ ካማረረ፣ ምናልባት አዲሱ ኖድ ላይ ኔክስትን ናል ማድረግ ረስታችኋል። ማሎክ ቦታውን ጠርጎ አይሰጥም።

አስተካክላችሁ ስትጨርሱ በባዶ ሊስት፣ በአንድ ኖድ ብቻ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ኖድ በማጥፋት ደግማችሁ አሂዱ። ሪፖርቱ 0 ስህተት እስኪል ድረስ ተርሚናሉን አትዝጉት።