ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ሆናችሁ ፕሮሰሰር ለምትመርጡ

ሰሞኑን የአጎቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደውሎ "ኮር አይ ሰቨን ዴስክቶፕ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ፣ ልውሰደው ወይ?" አለኝ። ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው ስለው ዝም። እዚህ ደሴ ፒያሳም ብትጠይቁ ያው ነው፣ ሻጩም ገዢውም አይ ፋይቭ አይ ሰቨን እያለ ነው ሚከራከረው፣ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ማንም አያየውም፣ ዋናው ግን እሱ ነው።

የቁጥሩ መጀመሪያ ጄኔሬሽኑን (ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ) ይነግራችኋል፣ 4770 4ኛ፣ 12100 ደሞ 12ኛ ማለት ነው። አይ7-4770 እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው፣ 4 ኮር (ስራውን ሚሰራው ክፍል)፣ 8 ትሬድ (በአንዴ ሚይዘው የስራ መስመር)፣ 84 ዋት። አይ3-12100 ደሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ እሱም 4 ኮር 8 ትሬድ፣ 60 ዋት። አይ ስሪ ስለተባለ ሰው ይንቀዋል እንጂ ሁሉም ኮር ሲሰራ የአሮጌውን አይ ሰቨን እጥፍ ይጠጋል፣ ሙቀቱም ያንሳል። በዛ ላይ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደሞ በእኛ ጥቅምት 2018 (እ.ኤ.አ. 2025) ላይ አብቅቷል፣ ስለዚህ 4ኛ ምናምን በርካሽ ሲሏችሁ እሱንም አስቡት።

ዋጋ ላይ የፕሮሰሰሩን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ፋን፣ አራቱን ደምሩ። ራይዘን 5 7600 (ራይዘን የኢንቴል ተፎካካሪ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ነው) ጎበዝ ነው ግን ሚገጠመው ኤኤም5 ሚባለው የማዘርቦርድ ሶኬት ላይ ስለሆነ አዲሱ የራም ዓይነት ዲዲአር5 ግድ ነው፣ ራይዘን 5 5600 ግን እጃችሁ ላይ ያለውን ዲዲአር4 ይቀበላል፣ ፋኑም ካርቶኑ ውስጥ አለ። የኢንቴል 12ኛ ጄኔሬሽን እንደ ማዘርቦርዱ ነው፣ አንዱ ዲዲአር4 ሌላው ዲዲአር5 ይወስዳል፣ አይታችሁ ግዙ። ከዛ ድምሩን ለሲኒቤንች (የፕሮሰሰር ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ነው) ውጤቱ አካፍሉት፣ አንድ ነጥብ ስንት ብር እንደፈጀ ይወጣላችኋል። ብቻ የሲኒቤንች አር23 እትም ውጤትን ከሲኒቤንች 2024 እትም ጋር እንዳታወዳድሩ፣ ሚዛናቸው ሌላ ነው።

ከቁጥሩ መጨረሻ ያለችውን ፊደልም እዩ። እኔ በፊት 12400ኤፍ ገዝቼ ገጥሜ ስከፍተው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር። ኬብል ቀየርኩ፣ የጎረቤት ሞኒተር ለምኜ አመጣሁ፣ ራሙን አወጣሁ አስገባሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። ለካ ኤፍ ማለት ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፣ ሻጩም ትንፍሽ አላለም። ግራፊክስ ካርድ ከሌላችሁ ኤፍ የሌለውን 12400 ወይ ራይዘን 5600ጂ ውሰዱ፣ አብሽሩ ይበቃችኋል። ኬ ያለበት ኢንቴል ደሞ ፋን አብሮት አይመጣም፣ 14700ኬ 125 ዋት ተብሎ ተጽፎ ሲጨናነቅ እስከ 253 ዋት ይሄዳል፣ ለሱ ሚሆን ትልቅ ፋንና ፓወር ሳፕላይ ስትጨምሩ ዋጋው ሌላ ነገር ይሆናል። ለቢሮና ለፎቶሾፕ እኔ በፍጹም አልመክርም።

አሁን ማቀዝቀዣው ላይ እንምጣ፣ እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ሰው ሚሳሳተው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ሀረጎን ወርዳችሁ ስትደርሱ ጃኬት ታወልቃላችሁ አይደል፣ ኮምፒውተሩም እንደዛው ነው። በጠዋት ደሴ ክፍሉ 15 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 70 ካሳየ ልዩነቱ 55 ነው፣ ያው ማሽን ኮምቦልቻ ከሰዓት 30 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 85 አካባቢ ይገባል። ስለዚህ ማስታወስ ያለባችሁ 70ን ሳይሆን 55ን ነው። ደሴ ቀዝቃዛ ናት ብላችሁም አትዘናጉ፣ ከፍታው ላይ አየሩ ከባህር ጠለል ሩብ ገደማ ስስ ነው፣ ፋኑ በዛው ፍጥነት እየዞረ ሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ውጪ አገር የተሰራ የፋን ሙከራ ስታዩ ትንሽ ጨምራችሁ አስቡት።

ያገለገለ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ሲኒቤንችን ለ20 ደቂቃ እንዲደጋግም አድርጋችሁ ሙቀቱን ሚያሳየውን ኤችደብሊው ኢንፎ ሚባል ፕሮግራም ጎኑ ክፈቱ፣ ቡና አዛችሁ ቶናው እስኪደርስ ጠብቁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ቆይቶ ነው ሚለየው። 12ኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል 100 ዲግሪ፣ ራይዘን 7600 ደሞ 95 ሲነካ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ማለትም የከፈላችሁበትን አታገኙም። ሻጩ "አይሞቅም፣ አዲስ ነው" ብሎ ማስኬድ ካልፈቀደ ተዉት።

የአጎቴን ልጅ ማሽን ሄጄ አየሁት፣ 6ኛ ጄኔሬሽን ሆኖ ተገኘ፣ እኔ ሳልደርስ ገዝቶታል። 97 ዲግሪ። ሂት ሲንኩን (ፕሮሰሰሩ ላይ ሚቀመጠውን ማቀዝቀዣ ብረት) ስነቅለው በመሀላቸው ሙቀት ሚያስተላልፈው ፔስት እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፣ ከፋኑ ስር አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተጋግሯል። ፔስቱን በአልኮል ጠርጌ የምስር ፍሬ ምታክል አዲስ መሀሉ ላይ አድርጌ ገጠምኩት፣ አቧራውን በብሩሽ አስለቀቅኩት፣ 74 ላይ ቆመ። ስትጠርጉ ታዲያ ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ፋኑን በጣት ያዙት፣ በኃይል ተነፍቶ ከዞረ መሀሉ ይበላሻል።