አለርጂ ላለበት ሰው የሳይክል ጉዞ ስንቅ እንዴት ይዘጋጃል?

ጅማ ውስጥ ሳይክል ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያው ስንቅ ቆሎ ነው። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ከኪስ እየተዘገነ ይበላል። ታናሽ ወንድሜን የጎዳውም ይኸው ቆሎ ነበር። ለውዝ አይስማማውም። አንድ ቀን ወደ ጅሬን ስንወጣ መንገድ ዳር ቆሎ ገዛን። ሻጯ አዝና ለውዙን አንድ በአንድ ለቅማ አወጣችለት። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሳንደርስ ከንፈሩ አበጠ፣ አንገቱ በሽፍታ ተሸፈነ። ፍሬው ቢለቀምም ቅባቱና ብናኙ ገብሱ ላይ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቁን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ፣ የማይስማማችሁን በሐኪም አረጋግጡ

ከባድ አለርጂ በብዛት የሚያስነሱት ጥቂት ምግቦች ናቸው፦ ለውዝ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ፣ ዓሣ የመሳሰሉት። ሳይክል ነጂ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ደግሞ አለ። አንዳንድ ሰው ስንዴ በልቶ ቤቱ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ በልቶ ስፖርት ከሠራ ግን አለርጂው ይነሳበታል። ሽፍታው የሚወጣባችሁ በምትነዱበት ቀን ብቻ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ ንገሩት።

ሁለተኛ፣ ልጣጭ ያለውን ግዙ

ሂርማታ ገበያ ስትገቡ ከታሸገው ብስኩት በፊት ሙዙን እዩት። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ድንች፣ ስኳር ድንች የራሳቸው ማሸጊያ አላቸው፤ የሌላ እህል ብናኝ ውስጣቸው አይገባም። ጉዞው ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ ውኃ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ሰውነት በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ ስላለው በሰዓት ሁለት ሙዝ ያደርሳል። የእኔ ምርጫ ግን ስኳር ድንች ነው። ማታ ከነልጣጩ ቀቅሉት፣ ጠዋት ልጣችሁ ጨው ነስንሱበትና በንጹህ ላስቲክ ጠቅልሉት። እንደ ሙዝ ኪስ ውስጥ አይጨፈለቅም። የጎማ ጓንት ቆዳቸውን የሚያስቆጣቸው ሰዎች ግን ሙዝና አቮካዶም ላይስማማቸው ስለሚችል ይጠንቀቁ።

ሦስተኛ፣ የሚቆላውን ቤት ቁሉት

ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው እህሉ ላይ ሳይሆን ምጣዱና መስፈሪያው ላይ ነው። ለውዝ የተቆላበት ምጣድ፣ ለውዝ የተሰፈረበት ብርጭቆ፣ ለሽምብራውም ያገለግላል። ስለዚህ ጥሬውን ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁና አጥባችሁ፣ በራሳችሁ ምጣድ ቁሉት። ፈንዲሻ ከሁሉም ይቀላል። ሽምብራ የለውዝ ዘመድ ነው። ለውዝ የማይስማማው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሽምብራ ይችላል፤ ሁሉም ግን አይችልም።

በሶና ጭኮ የድሮ መንገደኛ ስንቅ ናቸው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ሁለቱም ገብስ ናቸው፤ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ለማይስማማው አይሆኑም። ጭኮ ላይ ቅቤም አለ፤ የነጠረ ቅቤ እንኳ ትንሽ የወተት ፕሮቲን ይቀርበታል። ንጹህ ጤፍ ግሉተን የለውም። ግን ወፍጮ ቤት ከፊቱ ስንዴ ተፈጭቶ ከነበረ ተቀላቀለ ማለት ነው።

አራተኛ፣ «የጾም ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ

ወተትና እንቁላል ለማይስማማው ይህ ጥያቄ ትልቅ እርዳታ ነው፤ የጾም ኬክና ዳቦ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ይሠራል። ለወንድሜ ግን ወጥመድ ነው። በቅቤው ፋንታ ብዙ ጊዜ የሚገባው ለውዝ፣ ሰሊጥ ወይም አኩሪ አተር ነው። ስለዚህ የምትፈሩትን በስሙ ጥሩት። «ለውዝ» ካላችሁ «ኦቾሎኒ»ም በሉ፤ በኦሮምኛም ስሙ እሱ ስለሆነ ማንም ሻጭ አይስተውም። «ትንሽ ብቻ ነው» ወይም «ለቅሜ አወጣላችኋለሁ» ካሏችሁ አመስግናችሁ ተዉት።

አምስተኛ፣ አብሯችሁ የሚነዳው ሰው ይወቅ

ምን እንደማይስማማችሁ፣ መድኃኒታችሁም የትኛው ኪስ እንዳለ ንገሩት። ትንፋሽ ካጠረ፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ራስ ካዞረ ፔዳል መምታት ይቅር። አድሬናሊን መርፌ የታዘዘለት ሰው ወዲያው ይወጋ፤ የማሳከክ ክኒን ብቻውን ይህንን አያቆምም። መኪና አስቁማችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

አዲስ ስንቅ ስትሞክሩም ከጉዞው በፊት ባለ ቀን፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ ቅመሱት። ከዚህ በፊት ከባድ አለርጂ ተነስቶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ግን ያንን የቀሰቀሰውን ምግብ ያለ ሐኪም ፈጽሞ አትሞክሩት። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኛም እዚያ መንገድ ላይ ይዘን የምንወጣው ወንድሜ ደጋግሞ የበላውን ብቻ ነው።