ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት፦ ከሰሜን ሸዋ ወደ አሜሪካ ለመጣችሁ

መንዝ ውስጥ ሰው ሲሞት ፊርማ የሚጠይቅ የለም። ጥሩምባ ይነፋል፣ ካህን ይመጣል፣ ሬሳው ተገንዞ ቤተ ክርስቲያን ይቀበራል። ቀሪው የእድሩ ሥራ ነው። እዚህ ግን ሬሳው ያለው ፊውነራል ሆም፣ ማለትም ቀብር አስፈጻሚ ድርጅት እጅ ነው። እሱ ደግሞ የሚያውቀው ወረቀት ነው።

አንድ የመንዝ ሞላሌ ልጅ ሞቶብን ነበር። ታናሽ ወንድሙ ከመጣ ገና አራት ወሩ ነው። ወረቀት ሰጡት። «ክሪሜሽን» የሚለውን ቃል አላወቀውም፣ ለመጠየቅም አፈረ፣ ፈረመ። ክሪሜሽን ማለት ሬሳ ማቃጠል ነው። እናቱ አገር ቤት ሬሳ ሲጠብቁ እኛ አመድ በሣጥን ተቀበልን። ያቺን ትንሽ ሣጥን ተሸክሜ የወጣሁበት ቀን አይረሳኝም።

ወንድሙ ድርጅቱን ሊከስ ጠበቃ ጋ ሄደ። ጠበቃው ወረቀቱን አንብቦ አንዲት መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ፦ «ከእኔ የሚቀድም ባለመብት የለም»። ስለ ሬሳው በመወሰን ግን በብዙ ስቴቶች ሕግ እናት ከወንድም ትቀድማለች። ከእሷም በፊት ሟቹ በጽሑፍ የወከለው ሰው፣ የትዳር ጓደኛና አዋቂ ልጆች ይመጣሉ። ድርጅቱ ፊርማውን በቅን ልቦና አምኖ ከሠራ ሕጉ በአብዛኛው ይከልለዋል። ጣጣው ወደ ፈራሚው ይዞራል።

ድርጅቱ የሚጠየቅበት ጊዜም አለ። የሌላ ሰው ሬሳ ካቃጠለ፣ አመድ ከቀላቀለ፣ ፈራሚው መብት እንደሌለው እያወቀ ካለፈ ይከሰሳል። ስለዚህ ቤተሰብ ካልተስማማ በቃል ብቻ አትናገሩ። ዛሬውኑ በኢሜይል «አታቃጥሉ» ብላችሁ ጻፉ። ቴክሳስና ፍሎሪዳ ውስጥ ከሞት በኋላ 48 ሰዓት ሳይሞላ በመደበኛው ማቃጠል አይቻልም፤ ሌላ ቦታ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል።

አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ከ1984 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ ድርጅቶቹ ዋጋቸውን በዝርዝር ጽፈው እንዲሰጡ ያስገድዳል። ስልክ ደውላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። ማቃጠል ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ለዚህም ነው ገንዘብ ያጠረው ሰው ቶሎ የሚገፋፋው። ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ካሰባችሁ ደግሞ ምንም ሳትፈርሙ ኤምባሲ ደውሉ።

ጤነኛ ሳላችሁም ወኪላችሁን በጽሑፍ ሰይሙ። ቨርጂኒያ ውስጥ ወረቀቱ ኖተራይዝ መደረግ (ፊርማው በኖተሪ ፊት መረጋገጥ) እና ወኪሉም መቀበሉን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ያ ወንድም የራሱን አስጨርሷል። ቅጂው እድራችን ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጧል፤ «እናቴ ካለችበት ሞላሌ ቅበሩኝ» ይላል።