ባስ ለሚባለው ዓሣ የሚሆን ሪል (የክር መጠቅለያ)፣ ክርና ሊደር (ክሩ ጫፍ ላይ የሚቀጠል አጭር ክር) እንዴት ልምረጥ?

ጀማሪ ከሆንክ ሳትጨነቅ ስፒኒንግ ሪል፣ ማለትም ስትወረውር ጥቅልሉ የማይሽከረከረውን፣ ያዝ። መጠኑ 2500 ወይም 3000 ከሆነ ለባስ ይበቃል። ቤይትካስተር፣ ማለትም ስትወረውር ጥቅልሉ የሚሽከረከረው ሪል፣ ከበድ ያለ ማጥመጃ ለመወርወርና ዓሣውን ከውሃ ውስጥ ቅጠል መሃል ጎትቶ ለማውጣት አሪፍ ነው፤ ግን ጥቅልሉን በአውራ ጣትህ መቆጣጠር ካልለመድክ ክሩ ተተብትቦ የወፍ ጎጆ ይመስላል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ቋጠሮ ስፈታ ነው የዋልኩት።

ዋናው ነገር ክሩ ነው። ሞኖ (ነጠላ የናይለን ክር) ይለጠጣል፣ ቶሎም አይሰምጥም፤ ስለዚህ ውሃው ላይ ለሚሄድ ማጥመጃ ይመቻል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ሌላው ነጠላ ክር ይሰምጣል፣ ውሃ ውስጥም ብዙ አይታይም። ብሬድ (ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ክር) ግን ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው፤ ስለማይለጠጥ ዓሣው ገና ነካ ሲያደርገው እጅህ ላይ ይሰማሃል። ችግሩ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ መታየቱ ነው።

ሊደር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በ15 ፓውንድ ብሬድ (ፓውንዱ ክሩ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ነው) ጫፍ ላይ ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚሆን የ8 ወይም የ10 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን እሰር። ከማጥበቅህ በፊት ቋጠሮውን በምራቅ አርጥበው፣ ደረቁን ከሳብከው ሲፋተግ ግሎ ይዳከማል። ትርፉንም አስጠግተህ ቁረጠው፣ አለበለዚያ በዘንጉ ቀለበት ሲያልፍ ይያዛል። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ቅጠል ከበዛበት ሊደሩን ተወው፣ ወፍራም ብሬድ በቀጥታ ማጥመጃው ላይ እሰር።

አንድ የምትረሳ ነገር አለች፦ ብሬድ ባዶ ጥቅልል ላይ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ጥቂት ዙር ሞኖ ጠምጥምበት።